ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት

ሳጅን ይግዛውን የሰደበው እህል ነጋዴው ብርሃኔ ነበር፤ ባለፈው ጥር ሚካኤል፣ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይኼ ስሙን በቅጡ ሳይጽፍ ማዕረግ የተለጠፈለት!» ብሎ። ዛሬ ብርሃኔ በገዛ ቤቱ ጓዳ፣ ከብስክሌቱ ሥር ተዘርሯል። ከንፈሩን ዝንብ ወሮታል። ይግዛው አፍንጫውን ይዞ ተንበረከከ።

«ልቡ ይሆናል» አለ የሟች ታናሽ ወንድም አሻግሬ። «ሐኪም ለስኳሩ ስፖርት ሥራ ቢለው ቤት ውስጥ ብስክሌት ተክሎ ይኸው! ካልሆነም...» በእሱ ጥቆማ እጇ ላይ ካቴና ወደገባባት ወደ ሟች ሚስት በአገጩ አመለከተ። «ማታ በሶ በጥብጣ ያጠጣችው ስጦታ ናት።»

«አፍህ ይቆረጥ!» አለች ስጦታ።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያየኸው?» አለ ይግዛው።

«ጠዋት ለኪዳን ስወጣ ጓዳው ዝግ ነው፤ ግን ሲነዳ ሰምቼዋለሁ። ያ ጉድ እንደ ወፍጮ ያጓራ የለ!»

ይግዛው የሟችን ከንፈር ገለበጠ። በጥርሱ ተበጥቷል፤ ጥርሱ መካከል የትራስ ጥጥ ተሰክቷል።

«በሶ ጥጥ የለውም» አለና ብስክሌቱን የሸጠውን ገዱን አስጠራ።

«ብስክሌቱን ቤት ውስጥ አቁሞ የሚያስነዳ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አሳይቼው ነበር» አለ ገዱ። «አንደኛው የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ብረት ላይ ተጭኖ የሚሽከረከርበት ነው፤ ያጓራል። ሁለተኛው ጎማው ተፈትቶ ሰንሰለቱ በቀጥታ የሚገጠምበት፤ ድምፅ የለው። ‹የሚጮኸውን ስጠኝ፣ መሥራቴን ጎረቤት ይስማ› አለ። ጉረኛ አልነበር!»

«ከዚያስ?»

«ጎረቤቱ ቄስ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ማልደው ሲጸልዩ ጩኸቱ አወካቸው። ‹አባቴ ተቀየሙኝ› ብሎ ትናንት ከሰዓት ለወጠው። ራሴ ነኝ የገጠምሁለት።»

«ያኔ አሻግሬ የት ነበር?»

«ዛሪማ» አለች ስጦታ። «ማታ መብራት ጠፍቶ ነው የገባ።»

ይግዛው ሁሉንም ጓዳው በር ላይ ሰበሰበ፤ የቄሱን ሚስት ወይዘሮ ያለምወርቅንም።

«እርስዎና ስጦታ ወደ ኪዳን ስትሄዱ ብርሃኔ በሕይወት ነበር?»

«ከመኝታው ሆኖ ‹በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ› ሲል ሰምቼዋለሁ ልጄ። እስክንመለስ ድረስ እሷ ከጎኔ አልተለየችም።»

«እንግዲህ ቤት የቀረው አሻግሬ ብቻ ነው።» ይግዛው ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን በእጁ አሽከረከረ። ከሰንሰለቱ ሹክሹክታ በቀር ምንም አልተሰማም። «የቱ ወፍጮ ነው ያጓራብህ?»

አሻግሬ ከበሩ አፈገፈገ።

«በትራስ አፈንኸው። በጨለማ ጎትተህ እዚህ ጣልኸው፤ ጎማው መፈታቱን እንኳ አላየህም። ከዚያ ሰው እንዲያይህ ኪዳን ላይ ቆምህ፤ በዚያው እጅህ ተሳለምህ! አንተ ከሄድህ በኋላ እንደሞተ ለማስመሰል ያልሰማኸውን ድምፅ አወራህ። ጥፋቱንም እሷ ላይ ለጠፍህ።»

«ከቤቴ ውጣ ብሎኝ ነው! በሰው ፊት፣ እንደ ውሻ!» አሻግሬ ንፍጡ ከእንባው ተቀላቅሎ ወረደ።

ይግዛው ፊቱን አዞረበት። ካቴናው ከስጦታ እጅ ወጥቶ አሻግሬ እጅ ገባ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ሳጅን» አለች፤ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ... ሲያፍነው ስሜን ጠርቶ ይሆን?»

ይግዛው መለዮውን አጠለቀ። አንዴ አያትና አሻግሬን እየነዳ ወደ አስፋልቱ ወጣ።