ሰባተኛው ቀፎ

በጎንደር ከተማ ስልክን እንደ ቤዛዊት አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ያለችው ራሷ ቤዛዊት ናት። ያለችውም አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ አሥራ ሁለት አሮጌ የስልክ ቀፎዎች በተደረደሩበት ጠረጴዛ ፊት ደረቷን ነፍታ ቆማ ነው።

«እኛ ሰፈር ያለኔ ቴሌግራም አይንቀሳቀስም» አለች ለጎብኚዎቹ። «እኔ ያመመኝ ቀን ሰፈሩ ኔትዎርክ የለውም በሉት።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። እሷም እንዲስቁ ነበር የፈለገችው።

የሥዕል መምህራቸው የሺዋስ ከሁለት ወር በፊት «ቴክኖሎጂና ኑሯችን» የሚል ኤግዚቢሽን አዘጋጁ ሲሉ አንድ ነገር አስጠንቅቀው ነበር፦ «ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ሥዕል አልፈልግም። ሰው የሚነካው፣ ሲነካው ደግሞ የሚመልስለት ሥራ አምጡልኝ።» አንዱ ልጅ ሰው ፊቱ ሲቆም ኪሱን ስንቴ እንደነካ የሚቆጥር ካሜራ ሠራ። ሌሎቹ ተንቀሳቃሽ ፎቶ ምናምን አመጡ። የቤዛዊት ግን የሁሉ ቁንጮ ሆነ። ቀፎውን ከማስቀመጫው ስታነሱት ከሥሩ አንዲት ቁልፍ ብቅ ትላለች። ቁልፏ በሽቦ ከጓደኛዋ ከአቢ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ተያይዛለች። ወዲያው ጆሯችሁ ላይ የእውነተኛ ሰው ድምፅ ይናገራል። ስትመልሱት ዝም ይላል፤ እንደገና ስታነሱት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስሙም «አንሱት» ይባላል።

ድምፆቹ ከየት መጡ? ከሰፈር ነዋ። መጻፍ የማይችል፣ ወይም ቢችልም ፊደሎቹ የሚያንሱበት ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ቤዛዊት ይመጣል። «ቤዚዬ፣ ይችን ድምፅ ለልጄ ላኪልኝ።» እሷም ትልካለች። ስልኩን ከመመለሷ በፊት ግን አንድ ኮፒ ወደ ራሷ ትልካለች። በሁለት ወር አርባ ሦስት ድምፅ አጠራቀመች፤ አሥራ ሁለቱን ለቀፎዎቹ መረጠች።

«አስፈቅደሻቸዋል?» ብላት ነበር አቢ፣ ሽቦ እየበየደች።

«ጥበብ ማንን ያስፈቅዳል?»

«እኔ እንጃ። የኔ እናት ብትሆን ግን ትገድልሽ ነበር።»

«እናትሽ ቴሌግራም የላትም አቦ፤ ሥራሽን ሥሪ።»

የዕለቱ ኮከብ ሰባተኛው ቀፎ ነበር። የእሱ ድምፅ የመጣው ገና ረቡዕ ዕለት ነው። የሰፈሩ የእድር ዳኛ አያ ወልደኢየሱስ የልጃቸውን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡና «ልጄ፣ ኮሶዬ አገር ቤት ላሉት ሰዎች ድምፄን አድርሺልኝ» አሏት። የድምፅ መቅጃውን ምልክት ቆልፋ፣ ስልኩ ራሱ እንዲቀዳ አድርጋ ሰጠቻቸው። «በይ አሁን ወጣ በይልኝ፣ የትልቅ ሰው ነገር ነው» አሏት። ወጣች። ስትመለስ ላከችላቸው፤ ለራሷም ወሰደች። ቤቷ ገብታ የመጀመሪያውን ደቂቃ ስትሰማ አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። አያ ወልደኢየሱስ ድምፅ መላክና ስልክ መደወል አንድ መስሏቸው ሰላምታ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው መልሱን ይጠብቃሉ፣ ከዚያ እንደገና ሰላም ይላሉ። መልእክቱ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። የቀረውን አልሰማችውም። ሰላምታው ነው የሚቀጥለው ብላ። የጎንደር ሽማግሌ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰላም ቢል ማን ይገረማል?

ጎብኚዎቹም እንደሷ ነበሩ። ሰባተኛውን ያነሳ ሁሉ «ምነው ዝም አላችሁ?» የምትለው ጋ ሲደርስ በሳቅ ይፈርሳል፣ ቀፎውን መልሶ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ይለቃል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ እንግዳ እንኳ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይህን ሰኞ እኛ አዳራሽ እንፈልገዋለን» አሉ። መምህር የሺዋስ ከኋላ ሆነው አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ቤዛዊት ያን ሰዓት ቁመቷ ራሱ የጨመረ መሰላት።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሆነ። አቢ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ እትዬ የትነበርሽ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ገቡ። የቤዛዊት ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ይኼ ሁሉ ስልክ ምንድን ነው ቤዛ? ልትሸጪው ነው?»

«አይሸጥም እትዬ። ጥበብ ነው።»

«ይደውላል?»

«አይደውልም።»

«ቢደውል ነበር የሚሻለው» አሉ እትዬ የትነበርሽ ጎንበስ ብለው እየጠረጉ። «የኔማ መተማ አልደርስ አለኝ። ውድነህ ስልኩን ዘግቶታል፣ ይኸው አራት ቀኑ። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው፣ በዚያ በረሃ የት ቻርጅ ያደርጋል ብዬ ነው እንጂ ወንድሜ እንዲህ አይጠፋም ነበር።»

ቤዛዊት በግማሽ ጆሮ ነበር የምትሰማቸው። ሌላ ሐሳብ መጥቶላታል።

«ይተዉት መጥረጉን፤ አንድ ጊዜ ይምጡ። ሰባተኛውን ያንሱት። የሚያውቁት ሰው ነው።»

እትዬ የትነበርሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱ። ቀፎውን በሁለት እጃቸው አነሱት፤ የሰው ዕቃ እንደሚነሳ። ፊታቸው በራ።

«እንዴ፣ አያ ወልደኢየሱስ ናቸውሳ» አሉ። ከዚያም ወደ ቀፎው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ?»

ቀፎውን ካነሱት ሁለት መቶ ሰዎች ውስጥ ለሰላምታው መልስ የሰጠ አልነበረም። ቤዛዊት አፏን በእጇ ይዛ ስልኳን ከኪሷ አወጣችና መቅረጽ ጀመረች። ይህማ ሰኞ በትልቁ ስክሪን መታየት አለበት።

«ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና» አሉ እትዬ የትነበርሽ። አዳመጡ። «አዝመራው ሸጋ ነው አሉ ዘንድሮ።» አዳመጡ። ፈገግ አሉ። «ኧረ ዝም አላልንም፣ እየሰማን ነው።»

ቤዛዊት ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ጠጋ ብላ ቀረጸች። በስክሪኗ ላይ የእትዬ የትነበርሽ ከንፈር መልስ ለመስጠት ተከፈተ። መልስ ግን አልወጣም። ከንፈራቸው እንደተከፈተ ቆየ። ቀፎው ጠቅ ብሎ መልእክቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዳሉ ቆሙ።

«እንዴት ነው?» አለች ቤዛዊት።

«ይኼን ስንት ሰው ሰማው?»

«ከሁለት መቶ በላይ» አለች በኩራት።

«ምን አሉ?»

«በሳቅ ፈረሱ።»

እትዬ የትነበርሽ ቀፎውን ወደ ቦታው መለሱት፤ ቀስ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። «ይሁን» አሉ። ባልዲውን ትተው ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው መቃኑን መታው፤ እሳቸው ግን ያወቁት አይመስልም።

«ሙድ አልገባቸውም» አለች ቤዛዊት ለራሷ። ቢሆንም ነገሩ ከነከናት። ሰባተኛውን ቀፎ አነሳች። ቀፎው ደግሞ እንደ ሕጉ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሕጉን ያወጣችው እሷው ናት።

«ሃሎ። ሃሎ። እንደምን ሰነበታችሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ዝምታ። «እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። አዝመራው እንዴት ነው? እዚህ ታችኛው ሸጋ ነው ይላሉ።» ዝምታ። «ምነው ዝም አላችሁ? አይ፣ ለካ አይመልስም ብላኛለች ልጅቱ።» ሳል። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ወረደ። «ነገሩ እንዲህ ነው። ውድነህ አርፏል። መተማ፣ ሰኞ ማታ፣ ወባ ነው። እዚያው ቀበሩት። የትነበርሽ አልሰማችም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መርዶውን እንነግራታለን፤ አርብ ማታ ግቡና እኔ ጋ እደሩ። አደራችሁን፣ በስልክ አፋችሁ እንዳያመልጣችሁ። ከአባቷ ቤት የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ።»

ጠቅ።

ቤዛዊት ቀፎውን ከጆሮዋ አላነሳችውም። ሌላኛው እጇ ውስጥ ስልኳ አሁንም እየቀረጸ ነው።

አቢ አፏን እየጠረገች ገባች። «ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ ትመስያለሽ።»

«እትዬ የትነበርሽ ይህን ሰምተው ምንም ሳይሉኝ ወጡ» ብላ ቀፎውን መልሳ አነሳችና ሰጠቻት። አቢ ሰማች። እስከ መጨረሻው።

«ማንም አያውቅም እኮ» አለች አቢ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጠዋት መስማታቸው አይቀርም ነበር። እሳቸውም ላንቺ ምንም አላሉሽም። ዝም በይ በቃ። ሰኞ ቁጥር ሰባትን እናወጣዋለን።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቤዛዊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደደችው። ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ፣ እትዬ የትነበርሽ አዲስ እንደሰማ ሰው ይጮሃሉ፣ የእሷም ስም አይነሳም። ከነገ በፊት ግን ዛሬ አለ። ዛሬ እኚያ ሴትዮ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ወሬውንም ይዘው የገቡት ብቻቸውን ነው።

«ላፕቶፑን አንቺ ዝጊው» ብላ ወጣች።

ባጃጅ አልጠበቀችም። ዳገቱን ሮጠችው። የእትዬ የትነበርሽ በር ዝግ ነበር፤ ልቅሶም፣ የዕቃ ኮሽታም አይሰማም። ለማንኳኳት እጇን አነሳች። ምን ብላ ትገባለች? «እኔ ነኝ፣ ጥበብ ያሳየሁዎት»? እጇን መለሰችና ቁልቁል ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደች።

አያ ወልደኢየሱስ ለነገው አግዳሚ ወንበር እያስወጡ ነበር። አብሯቸው ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለው ጎረምሳ ጎረቤታቸው አለ።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ እትዬ የትነበርሽ ሰምተዋል» አለች ቤዛዊት።

«ማን ነገራት?»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ድምፁን እንደሰረቀች፣ ቀፎው ላይ እንደጫነች፣ ሰው እንደሳቀ፣ እትዬ የትነበርሽን ጠርታ ራሷ እንዳስነሳቻቸው። መቅረጿን ልትዘለው ነበር፤ ምላሷ አልዘለለውም።

«እስከ መጨረሻው ሰማችው?»

«እስከ መጨረሻው። ሰላምታዎን እየመለሱ።»

አያ ወልደኢየሱስ ያወጡት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ብዙ አልተቀመጡም። «ነገን ተወው» አሉት ኃይለ ጊዮርጊስን። «ከኮሶዬ የገቡትን ጥራ። ጎረቤቷን ሸዋአየሁን ቀድማ ትግባና ትያዛት በላት፣ ሩጥ። አሁን ነው የምንሄደው።» ልጁ ሮጠ።

ቤዛዊት ስድብ እየጠበቀች ቆመች። ስድብ ቢመጣ ይቀላት ነበር። አልመጣም። ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው አግዳሚውን በአንድ ጫፉ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

«እኔ ሰው አይደለሁም» አለች። «ያን ሥራ ነገ ጠዋት አፈርሰዋለሁ። ስልኬንም እሰብረዋለሁ። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት ፊቴን አላሳይም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው አላየሁም፣ እኔ ብሞት ይሻለኝ ነበር፣ እኔ...»

«ልጄ» አሉ አያ ወልደኢየሱስ፣ ቀና ሳይሉ። «የሞተው ውድነህ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። በይ ያን ጫፍ ያዢ።»