የድንቄ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ

ማለደ በድንቄ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ መሰላሉ ጎኑ ወድቋል። ሃያ ዓመት የእስራኤሏን ከተማ የሃይፋን መታጠቢያ ቤቶች ሴራሚክ ያለበሰ እጅ ባዶውን ተዘርግቷል።

መርማሪዋ ኦርታል አንድ ፎቅ ወርዳ ከታች የሚኖሩትን ወይዘሮ ሸጋዬን ጠራች። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጎንደር ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

«ጧት ድምፅ ሰምተሻል?»

«አንቺ የሚሉኝ እናቴና አማቴ ነበሩ፤ ሁለቱም ሞተዋል። ድምፅ አልሰማሁም፤ ቁፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። ጣራዬ ግን ከትናንት ጀምሮ ያንጠባጥባል።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ የጣራሽን ነገር ሌላ ቀን።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ አየዋለሁ» አሉና ቀድመዋት ወጡ።

ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ክንዷ በጄሶ የታሰረ የቤቱ ባለቤት ድንቄ፣ የማለደ የሥራ ጓደኛ ስንታየሁ፣ የሥራው ተቆጣጣሪ አቪ። አቪ ምህንድስና ተምሯል፤ ሳይጠየቅም ይናገረዋል።

«በሁለት ሰዓት ስወጣ ግድግዳው ክፍት ነበር» አለ አቪ። «የቆርቆሮ ቋሚና ቧንቧ ብቻ። ወደ ክርያት አታ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ሾፌሩ ያውቀኛል። አሁን ግን ሴራሚክ የሚለጠፍበት የሲሚንቶ ሰሌዳ ተገጥሟል። እንግዲህ ማለደ ከእኔ በኋላ በሕይወት ነበር። በአራት ሰዓት የመጣው ስንታየሁ ነው፤ ትናንት ደግሞ ተጣልተዋል።»

ኦርታል ካቴና አወጣች።

«ስደርስ ሞቶ ነበር!» አለ ስንታየሁ። «በልጆቼ አምላክ፣ የተጣላነው በምሳ ሰዓት ነው፤ ወዲያው ታርቀናል።»

ሸጋዬ በመዳፋቸው የሲሚንቶ ሰሌዳውን ዳሰሱ። ጎንበስ ብለው ወለሉን፣ ቀና ብለው ቧንቧዎቹ የወጡበትን ቀዳዳ አዩ።

«ቆይ አንቺ ልጅ። ስንታየሁ፣ ይህ እንዴት ይገጠማል?»

«ሸካራው ፊት ወደ ውጭ፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል። በቧንቧው ዙሪያ ክፍተት ይተውና በሲሊኮን ይሞላል። ማለደ አናቴን እየኮረኮመ ያስተማረኝ ነው።»

«ድንቄ?»

«እኔ ምን አውቄ እቴ! በዚህ ክንዴ ማንኪያም አላነሳ።»

«አቶ መሐንዲስ?»

አቪ ሳቀ። «ያማረው፣ ለስላሳው ፊት ወደ ውጭ ነዋ! ወለሉን ነክቶ፣ ቧንቧውን ጥብቅ አድርጎ። ክፍተት የሚተው ሰነፍ ነው።»

«ይኸው ግድግዳህ!» አሉ ሸጋዬ። «ለስላሳው ወደ ውጭ፣ ታቹ ወለል ላይ፣ ቧንቧው ታንቆ። ጭቃ ለስላሳ ነገር ላይ እንደማይዝ በስድስት ዓመቴ አውቄያለሁ። ይህን ማለደ አልገጠመውም። ስንታየሁ ነፍስ ቢያጠፋ እንኳ እጁ በልማዱ አስተካክሎ ይገጥም ነበር። የድንቄን ክንድ ታያላችሁ። ማን ቀረ?»

«ለምን ይገድለዋል?» አለች ኦርታል።

«ሰሌዳውን አስፈቺው።»

ስንታየሁ ብሎኖቹን ፈታ። ከቧንቧው መጋጠሚያ ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«የጣራዬ ዝናብ ይኸው። ማለደ የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ግድግዳ አይዘጋም። ይህ ዝጋ አለው፤ እንቢ አለ፤ ገደለው። ከዚያ ሬሳውን ተሻግሮ ራሱ ዘጋና፣ በሁለት ሰዓት ክፍት ነበር ብሎ ዋሸ፤ ሟቹ እሱ ከሄደ በኋላ ሲሠራ የቆየ እንዲመስል።»

አቪ ግድግዳውን እንጂ ማንንም አላየም። «ተምረህ ተምረህ ይህ ነው የምታውቀው? አለኝ። ለእኔ! ያ ፊርማውን እንኳ የማይጽፍ! ገፋሁት...»

ኦርታል ካቴናውን ለአቪ አጠለቀች። «እማማ ሸጋዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ...»

«አሁን ገና አፍሽ ተቃና።»

ስንታየሁ ከካቴና የተረፈ እጁን ወደ ውኃው መዝጊያ ሰዶ አጠበቀው። ጠብታው ቆመ።

ሸጋዬ በሩ ላይ ደርሰው አቪን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የተማረ ይግደለኝ የሚል ቂል ካለ፣ መጥቶ ማለደን ይይ።»