የኪዳናዊት ስላይድ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው።

የሆነው እዚሁ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። በጠራራ ፀሐይ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት። የዙህር ሶላት አልቆ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የሚጠፋበት ሰዓት።

የነገረኝ የላብራቶሪ ባለሙያው ወንድምአገኝ ነው። ሲነግረኝ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።

ኪዳናዊት አያሃ ሰፈር የምትኖር፣ ሰው ቤት የምትሠራ ያገሩ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። አሠሪዋን ለምና፣ ፈቃድ አግኝታ መጣች። ናሙናው በመርፌ ሲወሰድ እያለቀሰች የወንድምአገኝን እጅ ያዘች።

“ወንድምዬ፣ አደራ።”

“በኔ እጅ ነው፤ አታስቢ” አላት። ጉራውም ነበረበት።

በማግሥቱ ለምሳ ሲጣደፍ ናሙናዋ የተቀባበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ ከእጁ አምልጦ ለሁለት ተሰበረ።

“ሰበርኩት፣ እንደገና ነይ” ማለት ምን ነበረበት? አፈረ። ንጹሕ ውጤት ካገኘ ሰው የተረፈ ስላይድ አነሳና የእሷን ስም ለጠፈበት። ዶክተር ዓብዲፈታሕም አይተው “ምንም የለባትም” ብለው ፈረሙ።

ኪዳናዊት በደስታ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ስባሪውን ግን መጣል አልቻለም። መሳቢያ ውስጥ፣ ከጓንት ሥር ደበቀው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በዚያች ጭር ባለች ሰዓት አወጣውና ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገው...

አንዲት ሴል ልትከፈል ስትል ደርቃ ቀርታለች።

ሴል ሲከፈል ማይክሮቲዩብል የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ከግራና ከቀኝ ተዘርግተው ክሮሞዞሞቹን ይይዛሉ። ሞተር ፕሮቲኖች ደግሞ እንደ በርበራ ወደብ ኩሊ በክሮቹ ላይ እየሄዱ ይጎትታሉ። አንዲት ክሮሞዞም እንኳ ሳትያዝ ከቀረች “ቆዩ” የሚል ምልክት ትሰጣለች፤ ሁሉም ይጠብቃል። እሷ ስትያዝ ነው መለያየቱ የሚጀመረው።

በክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ ክሮቹ ሊታዩ አይችሉም።

ለእሱ ግን ታዩት።

አንዲት ክሮሞዞም ብቻ ዳር ላይ፣ ሳትያዝ ቀርታለች። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ።

ተይዛለች...

“ሞታለች እኮ!” አለ በሹክሹክታ። “አልኮል ውስጥ ገብታ፣ ቀለም ጠጥታ... ሞታለች!”

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሴሎቹን ሁለት ሆነው አገኛቸው። በሦስተኛው ቀን አራት። በአራተኛው ስምንት ሆነው የመስታወቱ ስባሪ ጠርዝ ላይ ደርሰዋል።

ደወለላት።

“ኪዳናዊት... እብጠቱስ?”

“ጨመረ። ምንም የለም ብለኸኝ ነው እንጂ...”

“ዋሸሁሽ።”

“ምን አልክ?” አለች።

“ስላይድሽን ሰበርኩት። ዶክተሩ ያዩት የሌላ ሰው ነው። አፍሬ ነው...”

“አፍረህ?” አለች ቀስ ብላ። “እኔ እኮ በየማታው ስምህን እየጠራሁ ስጸልይልህ ነው የከረምኩት።”

አዲሱ ናሙና ሲታይ ካንሰር ነበር። ያገር ልጆች አዋጥተው ለሕክምና አዲስ አበባ ላኳት። ወንድምአገኝ ሻንጣዋን ተሸክሞ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኛት። አልረገመችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ላከችለት። “ዛሬ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጡኝ። ሴሉ ውስጥ ክር እንዳይዘረጋ የሚያደርግ ነው አሉኝ።”

ሮጦ ስባሪውን አየ።

ክሮቹ የሉም። ክሮሞዞሞቹ እንደተበተኑ፣ ባሉበት ቆመው ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ያያቸዋል። አልተንቀሳቀሱም።

ትናንት እኔን ይዞኝ ሄደ።

“ዛሬ ለማየት ፈራሁ” አለኝ። “በማርያም፣ አንተ እይልኝ።”

ዓይኔን አስጠጋሁ። ሁሉም ቆመዋል...

አንዷ ሴል ውስጥ ግን፣ ከግራ በኩል፣ አንድ ቀጭን ክር ብቅ ብሏል።

“ምን አየህ?” አለኝ ከኋላዬ።

በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ለእሷም መደወል ነበረብን። ፊቱን አይቼ አቃተኝ። እስካሁንም አፍራለሁ።

“ምንም የለም” አልኩት።

እፎይ ሲል ሰማሁት።

እንደገና ጎንበስ ስል፣ ክሩ አንዷን ክሮሞዞም ይዟታል።