ደቻቱ ደረቅ ነው?

የልጅ ልጄ ማዘንጊያ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት በረድ ባለ ማግስት ነው። ከቤት በወጣች ቁጥር ሆዴ አብሯት ይወጣል፤ ስትመለስ ኮቴዋን ሳልሰማ ውኃ እንኳ አይወርድልኝም።

ክፍሉ የሚባለውን ልጅ ያወቀችው በድምፁ ነው። ባቡር ጥገና ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ እናቱ ዘንድ ሊደውል መስመር ጠየቀ፤ መስመሩ እምቢ አለ።

«ስምሽን ልወቅ፣ በማን እንደምናደድ።»

«ማዘንጊያ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ማዘንጊያዬን በብርጭቆ ስገዛ ኖሬ!»

መሳቋን ቤት መጥታ ስትነግረኝ ዓይኗን አየሁና ደነገጥኩ።

ቀልዱ እውነት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል፤ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብለው አረቄ ቤት ይገባሉ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። ሐኪሙ «ጉበትህ ተጎድቷል፤ ከደገምክ አበቃ» አለው።

«እማማ በለጠች፣ እተዋለሁ» አለኝ፣ ቤት መጥቶ መሬት መሬት እያየ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለጉበትህ ንገረው!» አልኩት። ልጄን ለበሽተኛ? ልቤ እንዴት ይፍቀድ።

እሷ ግን መላ አበጀች። ጓደኞቹ ለጨብሲ በሚነሱበት ሰዓት፣ መጋላ ሰፈር ካለው ቤቱ አጠገብ፣ የዐብዱላሂ ሱቅ ስልክ ይጮኻል። ዐብዱላሂ አረቄ በደጁ አያሳልፍም፤ ለክፍሉ በርጩማ ሰጥቶ፣ ሻይ ቀድቶ ያስቀምጠዋል።

«ደቻቱ ደረቅ ነው?» ትለዋለች። ስለ መጠጥ በስልክ ማውራት ስታፍር ደቻቱ በሚባለው የከተማችን የአሸዋ ወንዝ ትሸፍነዋለች።

«ደረቅ ነው። ጎርፍ የለም።»

ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የሚጣፍጣቸውም ያ ዝምታ ነው። ዐብዱላሂ «ወላሂ፣ ዝም ለማለት ስልክ የሚይዝ ሰው ያየሁት አንተን ነው!» እያለ ይስቅበታል።

ወራት አለፉ። ዓይኑ ነጣ። እኔም ሽማግሌ ቢልክ እምቢ እንዳልል ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ነበር።

አንድ ቀን ማዘንጊያ ሳትመለስ ቀረች። ለካ መስመሩን የሚያዳምጥ ካድሬ ነበር። በየቀኑ ወደ ሶማሌ ሱቅ እየተደወለ ወንዝ ደረቀ፣ ጎርፍ የለም ይባላል፤ ይህማ ለሰርጎ ገብ መንገድ ማሳየት ነው ብሎ አሰራት።

ክፍሉ ወደ ቀበሌ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ጓድ፣ ጎርፍ የምንለው አረቄን ነው። ሰካራም ነኝ። እንዳልጠጣ ነው የምትደውልልኝ።»

ካድሬው ጠጋ ብሎ አፉን አሸተተው። «ሰካራም? አፍህ የሕፃን አፍ ነው! ማንን ልታሞኝ ነው? ነገ ለደኅንነት ትሰጣለች።»

ለደኅንነት ተሰጥቶ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም። ክፍሉ ዞር ብሎ አየኝ። ያሰበው ገባኝ፤ እጁን ለቀም አደረግኩ።

«አንተ ልጅ፣ አይሆንም! ትሞታለህ!»

«እማማ፣ ይልቀቁኝ። እሷ ትውጣ እንጂ።»

እጁን መንጭቆ ሄደ።

ከአረቄ ቤት ሲመለስ ይንገዳገድ ነበር። ካድሬዎቹ ፊት ዘፈነ፣ ወደቀ፣ አስመለሰ። በሳቅ ፈረሱ። «እውነትም ሰካራም ነው! በሉ ፍቅረኛውን ስጡት!»

ስትወጣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ያስመለሰው ደም የሸሚዙን ደረት አርሶታል። ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«ሸተትኩሽ?» አላት።

«አልሸተትከኝም» አለችው፣ ግንባሩን እየሳመች።

ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሌሊቱን አላነጋም።

ለቅሶ ቤት ሁሉም አንድ ቃል ነበረው፤ «አረቄ ገደለው።» እናቱ አስካለማርያም ከአዲስ አበባ መጥታ ኀፍረት ከኀዘኑ በልጦባት አንገቷን ደፍታለች። ማዘንጊያ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። በዚያ ዘመን ከለቀስተኛው መካከል ማን ለማን እንደሚያዳምጥ በምን ይታወቃል?

አስለቅቃኝ ቆመች።

«ለእኔ ነው የጠጣው» አለች። «ትቶ ነበር። እኔን ሊያስፈታ ጠጣ።»

አስካለማርያም ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችና ከጎኗ፣ ሚስት በምትቀመጥበት አስቀመጠቻት።

ልጃገረድ ናት፤ አገር ምን ይላል፤ ከእንግዲህ ማን ያገባታል፤ ካድሬውስ ቢሰማ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ተነሣሁና ነጠላዋን ገፍፌ፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት አዘቅዝቄ አለበስኳት።