ሲያንጎራጉር የዋለው ሳጥን

ትኩሳት ይዞት የነበረው ጊታር መቺ ደበላ ጊታሩን የስፒከር ሳጥኑ ላይ አስደግፎ እንደተኛ፣ የሙዚቃ ባንዱ ኮልፌ በተከራየው የልምምድ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጎረቤት እንዳይቆጣ በርና መስኮቱ ሁልጊዜ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ከሚልከው አምፕሊፋየር ጀርባ የነበረው ብርድ ልብስ ከስሎ፣ ጭሱ ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

ሚስቱ ጫልቱ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ የጊታር ድምፅ ሳይቋረጥ ሲያንጎራጉር ሰምታ፣ እየተለማመደ ነው ብላ ደጅ ቁጭ ብላ አዳምጣለች። ድምፁ አሁንም ከጆሮዋ አልወጣም። ሰፈሩም ሳጥኑን ፈርቶ በዚያ በር ማለፍ ትቷል።

የታሰረው የባንዱ ሁለተኛ ጊታር መቺና የዕቃዎቹ ጠጋኝ ዩሱፍ ነው። በዋዜማው ከደበላ ጋር ተጣልቶ ሳጥኑን አቃጥለዋለሁ ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። ገዳዩ እሱ ነው ብሎ ያመለከተው የሟች ታላቅ ወንድም ቡልቻ ነው፤ ቤት ለቤት የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ ሰው። ክሱ ከጸና ዩሱፍን የሚጠብቀው ገመድ ነበር።

መርማሪው ሻምበል ይመር ግን ነገር ቶሎ ሲያልቅለት ደስ የማይለው ሰው ነው። ልጇን ልትጠይቅ እንደመጣች አማት የክፍሉን ጥጋጥግ ሲያይ ቡልቻ ተከተለው።

«ሻምበል፣ ይህ ሳጥን ማታ ማታ ያቃስታል። ቆሼ ወስጄ ልጣለው።»

«ነገ ይደርሳል» አለ ይመር፤ ከዚያም እንደ ዋዛ፣ «አቶ ቡልቻ፣ ሁለት አምፑል ሲሰቅሉ እንዴት ያያይዟቸዋል?»

«ለየብቻቸው ነዋ። አንዱን አንዱ ላይ ከቀጠሉትማ ሁለቱም ይፈዛሉ።»

በማግስቱ ይመር፣ ቡልቻ፣ ጫልቱና ዩሱፍ እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ዩሱፍ እጁ በካቴና ነው። ይመር የሳጥኑን ጀርባ ፈታ።

«አምፕሊፋየሩ ላይ የስፒከሮቹ መቋቋም አሥራ ስድስት ኦም ይሁን ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ስፒከሮችስ ስንት ናቸው፣ ዩሱፍ?»

«እያንዳንዳቸው ስምንት። አስከትዬ ስቀጥላቸው አሥራ ስድስት ሆኑ።»

«አሁን ግን ለየብቻ፣ ጎን ለጎን ተያይዘዋል።»

ዩሱፍ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «እንደዚህማ አራት ነው። መቋቋሙ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ይግላል።»

«ደበላ ትኩሳት ይዞት ሳያጠፋው ተኛ» አለ ይመር። «ጊታሩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ አንጎራጎረ። ወይዘሮ ጫልቱ የሰሙት እሱን ነው። አምፕሊፋየሩ ያለ ዕረፍት ሠርቶ ጋለና ብርድ ልብሱን አጨሰው። የዩሱፍ ሥራ ሁሉ በእርሳስ የተበየደ ነው። ይህ ግን ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ ልክ ኮርኒስ ላይ እንዳለ የመብራት ሽቦ። የነካው ሰው ስፒከሩን እንደ አምፑል አይቶታል፤ ተከታትሎ ከተቀጠለ ይፈዛል ብሎ ሰግቷል። ሳጥኑ ሳይከፈት ቆሼ እንዲጣል የፈለገም እሱ ነው።»

ቡልቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ደበላ የስፒከሩ ድምፅ ደከመብኝ፣ አስተካክልልኝ እያለ ሲለምነው ሰንብቶ ነበር።

«ከቀየርኩለት በኋላ ሞከረውና፣ አሁን ገና ተናገረ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ» አለ። «የተቃጠለውን ሳይ ገባኝ። ወንድሙን ገደለ መባልን ፈራሁ።»

ይመር የዩሱፍን ካቴና ፈታ። ጫልቱ እያለቀሰች ወደ ቡልቻ ዞረች።

«ጋሼ፣ ደበላን ሳያውቁ ነው የገደሉት፤ ይቅር እልዎት ነበር። ዩሱፍን ግን አውቀው ነበር የሚገድሉት።»