የአባቷ ጆሮ

«እንደገና አስነሣው!» ብሎ ጮኸ ካድሬው።

ሾፌሩ አስነሣ። ከባዱ መኪና ጥቁር ጢስ እየተፋ ትንሽ ተጎተተና ትንፋሽ አጠረው፤ የፍላቂትን ዳገት እምቢ አለ።

ዘነቡ ከአባቷ ጎን አጎንብሳ አዳመጠች። መካኒኩ አባቷ ጋሽ ቢሆነኝ ዕድሜውን ሞተር ሥር ሲያሳልፍ ጆሮው ጠፍቷል። እሷ ትሰማለች፣ በጆሮው ጮኻ ትነግረዋለች፣ እሱ ይሠራል። ሠፈርተኛው «የቢሆነኝ ጆሮ» ሲላት ደስ ይላት ነበር።

ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ከጭነቱ ላይ ለሰፈራ ከገበያ የታፈሱ ሰዎች ተፋፍገዋል። የክፍል ጓደኛዋ ኡሙሀኒ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር እዚያው ናት። የኡሙሀኒ አባት ሸዕባን በሬውን ሊሸጥ ከብት ተራ ሄዶ ስለነበር አልተያዘም።

ኡሙሀኒ በጭነቱ መከታ በስፖንዳው ላይ አጎነበሰች። «ዘኔ፣ መኪናው ካልተሠራ ሊያወርዱን ነው። ከወረድን አባዬ ይደርስልናል። በአላህ፣ የሰማሽ እንደሆን ዝም በይ!»

ዘነቡ ሰምታለች፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ። አባቷ ቱርቦን ሲያስተምራት፣ «የሞተሩ ጢስ ሲወጣ አንዷን መዘውር ያሽከረክራል፤ እሷ ደግሞ ሌላዋን። ሁለተኛዋ አየር እየሳበች ሞተሩ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ናፍጣ ያለ አየር አይነድማ! የኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው» ብሏት ነበር። አሁን አየሩ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ወልቆ ትንፋሹ ሜዳ ላይ እየፈሰሰ ነው። ጥቁሩ ጢስ በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ነው።

«ምን ይላል?» አባቷ ጆሮውን ሰጣት።

«ምንም አይልም!» አባቷን ዋሽታው አታውቅም ነበር።

ካድሬው ቱግ አለ። «ይሄ አሻጥር ነው! ካልሠራው እሱም ይጫን!»

ሁለት ሚሊሻዎች ጋሽ ቢሆነኝን ክንዱን ያዙት። እሱ የተባለውን አልሰማም። ለሌላ ሥራ የጠሩት መስሎት፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ ብሎ ተከተላቸው።

ያን ፈገግታ ስታይ የዘነቡ ልብ ስንጥቅ አለ። ጆሮው ለማይሰማ ሰው ደግሞ በሹክሹክታ አይነገርም።

«አባዬ! የቱርቦው ቱቦ ወልቋል! ፋሼታው ላልቷል!»

ፍላቂት ሁሉ ሰማ። ኡሙሀኒም ሰማች።

ሚሊሻዎቹ ሲለቁት አባቷ ቱቦውን መልሶ ማሰሪያውን ፋሼታ በካቻቢቴ አጠበቀው። ሞተሩ ነፍስ ዘራ፤ ቱርቦው እያፏጨ ዳገቱን ተያያዘው። ኡሙሀኒ አልተሳደበችም፤ ዘነቡን አንዴ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ብትሰድባት በተሻላት ነበር።

«ጎበዝ ልጄ!» አለ አባቷ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። ዘነቡ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

መኪናው ከተሰወረ በኋላ አንድ ሰው ሽርጡን ሰብስቦ ከገበያው በኩል እየሮጠ መጣ። ሸዕባን ነው። «ልጆቼስ? ልጆቼን ያያችሁ!» መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ ላለመሆን አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ።

ዘነቡም ቤቷ ቅርብ ነበር። በሩን አየችው። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ቁልቁል ልትቀበለው ሄደች።

«ጋሼ ሸዕባን፣» አለች፣ «ይቀመጡ። እኔ ነኝ የምነግርዎት።»