ባለ አንድ ዓይኑ አብርሃም

ውዳሴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ አባቷ ዘርጋውም ብሩሹን ያነሳል። አሥር ቀን እንዲሁ በሰላም ሠሩ። የሚስለው አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲል ነው፤ ነገር ግን የእሱ አብርሃም ኮት የለበሰ የእንጦጦ ሰው ነው፤ ይስሐቅ ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከመች የስምንት ዓመት ተማሪ። ለይስሐቅ የልጁን፣ ለአብርሃም የራሱን መልክ ሰጠ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስተማሩት የኔታ አክሊሉ፣ «ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ያየናል። ክፉ ግን በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል» ይሉ ነበር። «ደግሞ በጉን ሳትስል ቢላዋውን እንዳትስል። ቤዛው ይቅደም።» ዘርጋው መቼም ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው፤ ምን ይመጣል ብሎ ቢላዋውን አስቀድሞ ስሎ በጉን ለመጨረሻ አቆየው።

ማክሰኞ ዕለት የአብርሃም ፊት ትንሽ ዘወር ያለ መሰለው። እጄ ስቶ ነው ብሎ አስተካከለው። ረቡዕ ጆሮው ወጥቶ፣ ግራ ዓይኑ የፊቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ አገኘው፤ ከቀለሙም ሽታ ሥር አሁን የተገፈፈ ቆዳ የመሰለ ነገር ይሸታል። ይህንንም አስተካከለው፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም።

ሐሙስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከዝናቡ ሥር ቢላዋ በድንጋይ ላይ ሲሳል የመሰለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ደመናው ክፍሉን አጨልሞታል። አብርሃም አንድ ዓይን ብቻ ቀርቶታል፤ ያቺም ዓይን ልጅቷ ላይ ናት። ዘርጋው ልጄን ምን ላይ ጣልኳት ብሎ ነጭ ቀለም ነክሮ በጉን ሊስል ተጣደፈ፤ ቀለሙ ግን ቅቤ እንደተቀባ ነገር እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው።

«አባዬ፣ ደከመኝ» አለች ውዳሴ።

«ትንሽ ታገሺኝ የኔ እናት፤ እንዳትነሺ።»

ሸራውን ሊቀድደው የሸራ መቁረጫ ቢላዋውን አነሳ። ቀና ሲል አብርሃም በሁለት ዓይኑ፣ ፊት ለፊት፣ በርኅራኄ ያየዋል፤ እጁም ባዶ ነው። ዘርጋው እፎይ ብሎ፣ «ተመስገን» እያለ ወደ ልጁ ዞረ።

«አባዬ፣ ምነው ግድግዳውን ታያለህ?» አለች ውዳሴ። «አንድ ዓይንህ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ወደኔ ዙር እንጂ።»

ዘርጋው ግን ቢላዋውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር።